የዘጌ የሰደድ እሳት ካርታዬ ቡና ደኑን ቀይ፣ የሣር ቤቶቹን ቢጫ አደረጋቸው፤ ስህተቱ የት ላይ ነው?

የጣና ዳሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት አንስቶ በሐይቁ ዳር ዳር እስከ ባሕር ዳር ከተማ ጫፍ፣ ሰፈርና ደን ወይም ሰፈርና ደንገል በሚነካኩበት ሁሉ የሰደድ እሳት ስጋትን የሚያሳይ ካርታ እያዘጋጀሁ ነው። የሚጠቀሙበት የቀበሌ አመራሮች፣ የደን ጠባቂዎችና የገዳማቱ አስተዳዳሪዎች ናቸው።

አምስት ሌየር (የመረጃ ንብርብር) አለኝ፦ ከሴንቲኔል-2 የሳተላይት ምስል የወጣ የመሬት ሽፋን፣ ከኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር የተለካ) የ30 ሜትር ከፍታ የተሰላ ተዳፋት፣ ከመንገድ ያለው ርቀት፣ ከቤት ያለው ርቀት እና ከፈርምስ (ናሳ በሳተላይት የታዩ እሳቶችን ከሚያወጣበት ድረ ገጽ) የወረዱ የእሳት ነጥቦች። ክብደቱን ያወጣሁት በኤኤችፒ (ሌየሮቹን ሁለት ሁለት እያነጻጸሩ ክብደት በመስጫ ዘዴ) ነው፤ ንጽጽሮቹ እርስ በርስ አለመጋጨታቸውን የሚያሳየው የወጥነት ምጣኔ 0.06 ስለሆነ በዚያ በኩል ደህና ነው። ከዚያ በኪውጂአይኤስ (የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም) እያንዳንዱን በክብደቱ አባዝቼ ደመርኳቸው።

ውጤቱ ግን አላሳመነኝም። የዘጌ ቡና ደን መሐል ለመሐል ቀይ ሆኗል። የሣር ክዳን ቤቶች የተጠጋጉበትና ጎናቸው ባሕር ዛፍ ያለበት ቦታ ደግሞ ቢጫ ነው። የአካባቢው ሰው የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። ሁለተኛ፣ ከሰፊ ደን እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ያለን ሰፈር ለሰደድ እሳት የተጋለጠ አድርጎ በሚቆጥረው የአሜሪካኖቹ መለኪያ ስሄድ ባሕረ ገብ መሬቱ በሙሉ አንድ ቀለም ይሆናል። ሦስተኛ፣ ፈርምስ ደኑ ውስጥ ምንም ነጥብ አያሳይም ማለት ይቻላል። ይህን “እሳት የለም” ብዬ ልውሰደው?

ዋንዛ ጥላ

ችግሩ ያለው ክብደቱ ላይ ሳይሆን መደመሩ ላይ ነው። ስትደምሪ አንዱ ሌየር የሌላውን ጉድለት ይሸፍንለታል። ከቤት ቅርብ፣ ከመንገድ ቅርብ፣ ተዳፋት የሆነ ፒክስል (የምስሉ አንድ ትንሽ ካሬ) የሚነድ ነገር ባይኖርበትም ነጥብ እየተከማቸለት ቀይ ይሆናል። የሚነድ ነገር ከሌለ ግን ሌላው ሁሉ ቢሟላም እሳት የለም። ስለዚህ ሥራውን በሦስት ካርታ ክፈይው፦ እሳት የመነሳቱ ዕድል፣ ከተነሳ በኋላ የመዛመቱ ኃይል፣ የሚጎዳው ቤትና ንብረት። እያንዳንዱን ከ0 እስከ 1 አድርጊና አባዢያቸው። ሦስቱን ለየብቻ ማተምም ይጠቅማል። የቀበሌው ሰው “ይህ ቦታ ለምን ቀላ?” ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ይገኛል።

ቡና ደኑ የቀላው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው “ደን” የሚል አንድ ምድብ ብቻ ፈጥረሽ ከፍተኛ ነጥብ ስለሰጠሽው ነው። የዘጌ ደን ከላይ እንደ ዋንዛና ብሳና ያሉ ዛፎች ጥላ የሆኑለት፣ ከሥር ቡናና ጌሾ ያለበት ነው። በበጋም ጥላው ሙሉ በሙሉ አይራቆትም፣ መሬቱ እርጥበት ይይዛል፣ ነፋስም እንደልቡ አይገባበትም። አደገኛው ጫፉ ነው፦ ዛፉ ተመናምኖ ብርሃን የገባበት፣ ሣርና ቁጥቋጦ የወጣበት፣ ከምንጣሮ የቀረ ቅርንጫፍ ደርቆ የተኛበት። ዘጌ ላይ በቆየው ሥርዓት ማረስና ከብት ማርባት ክልክል መሆኑን አትርሺ። ሣሩን የሚግጠው ስለሌለ ጫፍ ጫፉ ላይ የበቀለው እንደቆመ ይደርቃል። ስለዚህ “ደን” የሚለውን ቢያንስ በሦስት ክፈይ፦ ጥቅጥቅ ያለ ቡና ደን፣ የተመናመነ ደን፣ ከደን ጠርዝ 30 ሜትር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያለው ቀበቶ።

ሁለተኛው ምክንያት ተዳፋቱ ነው። ኤስአርቲኤም የሚለካው ባዶውን መሬት ሳይሆን በአብዛኛው የዛፉን አናት ነው። እርሻው አልቆ 10 ሜትር ቁመት ያለው ደን በሚጀምርበት መስመር ላይ ፕሮግራሙ ዳገት ያለ ይመስለዋል። የ30 ሜትር ፒክስል በሦስት በሦስት መስኮት ሲሰላ በሜዳ ላይ 9 ወይም 10 ዲግሪ የሚሆን የሌለ ተዳፋት ይወልዳል። ተዳፋት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣ እሳት ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ይሆናል በሚለው መለኪያ ከሄድሽ ደግሞ ያ ስህተት ብቻውን ውጤቱን እጥፍ ያደርገዋል። ከ1፡50,000 ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮቹን ስለሽ ከፍታውን ከእነሱ መሥራት የተሻለ ነው። እሱ ካልተቻለ ከፍታውን በሰፊ መስኮት አለስልሺው፤ ትናንሽ ገደሎች ይጠፉብሻል፣ የሌለው ዳገት ግን አብሮ ይጠፋል።

የሚነደውን ነገር ለመለየት አንድ ምስል አይበቃም። አንዱን ከኅዳር፣ ሌላውን ከየካቲት መጨረሻ ወይም ከመጋቢት ውሰጂ። ባንድ 8ን እና ባንድ 11ን (ሳተላይቱ ለየብቻ ከሚለካቸው የብርሃን ክፍሎች ሁለቱን) ይዘሽ የእርጥበት ጠቋሚውን አስዪ፦ ልዩነታቸውን ለድምራቸው ማካፈል ነው። ባንድ 11 የ20 ሜትር ስለሆነ መጀመሪያ ሁለቱን ወደ አንድ መጠን አምጪ። ከኅዳር ወደ መጋቢት በጣም የወረደው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ብዙም ያልወረደው ቡና ደን ነው፣ ወይም ደግሞ በመስኖ የሚጠጣ ጫት። ጫትና ቡና ደንን ምስሉ በቀላሉ አይለያቸውም፤ መለየቱ ግን ግድ ነው፤ ምክንያቱም በመጋቢት የሚጠጣ የጫት ማሳ እሳት የሚቆምበት ቦታ ነው። በቅርጹ ለዪው፤ ማሳው ቀጥ ያለ ጠርዝ አለው፣ ከውኃ ቦይም አይርቅም። ለእያንዳንዱ ምድብ ከመሬት የተነሳ 50 ያህል ነጥብ ይኑርሽ።

ባሕር ዛፍ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ሳተላይቱን የሚያታልለውም ይህ ነው። የሚነደው ከሥር የተነጠፈው ቅጠል፣ የተላጠው ልጥና ከቆረጣ የቀረው ጭራሮ ነው። ሴቶች ለምጣድ ቅጠሉን የሚጠርጉበት ባሕር ዛፍና ባለቤቱ አጥሮ “አትግቡ” ያለበት ባሕር ዛፍ በምስል አንድ ናቸው፣ በእሳት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህን የሚነግርሽ በእግር መሄድ ብቻ ነው፦ የተጠረገ፣ ያልተጠረገ፣ ተቆርጦ ጭራሮው ያልተነሳ።

ደንገልና ፊላ ደግሞ የወቅት ጉዳይ ናቸው። በኅዳር ሥራቸው ውኃ ውስጥ ነው። የሐይቁ ወለል ከመስከረምና ጥቅምት ከፍታው እስከ ግንቦት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲወርድ ለጥ ባለው ዳርቻ ላይ ውኃው ሩቅ ይሸሻል። ያን ጊዜ የደንገሉ ሥር ይደርቃል፣ የሞተው አገዳ ቆሞ ይቀራል፣ ለእርሻ ሊያጸዳ የፈለገም ክብሪት ይጭርበታል። ስለዚህ የውኃውን ወሰን ከመጋቢት ምስል ቁረጪ። እምቦጭ ባለበት ግን ተጠንቀቂ፤ ውኃ ላይ የተንሳፈፈው እምቦጭ በምስሉ እንደ ለምለም መሬት ስለሚታይ የውኃ ጠቋሚው ብቻውን ይሳሳታል። እዚያ ላይ ወሰኑን በእጅ ሳይው።

የሌሊት ነጥብ

ስለ ፈርምስ። የለም፣ “እሳት የለም” ማለት አይደለም። ለፈርምስ መረጃ ከሚሰጡት የሳተላይት መሣሪያዎች የቪርስ ፒክስል 375 ሜትር፣ የሞዲስ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ቡና ሥር ቅጠል እየበላ በዝግታ የሚሄድ እሳት ሙቀቱን ዛፉ ይጋርደዋል፤ ከላይ አይታይም። ሌላው ሰዓቱ ነው። ቪርስ በእኛ ሰማይ የሚያልፈው ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓትና ከሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት አካባቢ ነው። ገበሬው ማሳውን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለኩሶ እስከ ምሽት ካበቃ አይመዘገብም። በፋይሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት የግሪንዊች ነው፤ 11፡00 የሚለው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 14፡00፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ይህን ሳያስተካክሉ “እሳት የሚነሳው ረፋድ ላይ ነው” ብሎ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው።

ሐይቅ ዳር ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። በቪርስ መረጃ በቀን የተመዘገቡና “ዝቅተኛ እርግጠኝነት” የተባሉ ነጥቦች ብዙ ጊዜ ከውኃ ላይ ከሚያንጸባርቅ የፀሐይ ብርሃን ጋር የተያያዙ ናቸው። ከዳርቻው 500 ሜትር ውስጥ ያሉትን እንዲህ ያሉ ነጥቦች አውጪያቸው። የሌሊቶቹን አትንኪ።

የቀሩትን ነጥቦች ደግሞ የመነሳት ዕድል ካርታ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አታስገቢያቸው። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ዳር ዳሩን የሚታየው አብዛኛው ነጥብ የአገዳና የገለባ ቃጠሎ፣ ምንጣሮና የከሰል ሥራ ነው። አንዳንዶች “ይህ የእርሻ እሳት ነው፣ ሰደድ እሳት አይደለም” ብለው ይሰርዙታል። መሰረዝ የለበትም። እዚህ አገር ደን ውስጥ የሚገባው እሳት መነሻው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። ማሳ ላይ በየዓመቱ የሚለኮስበት ቦታ ከደን ጠርዝ በ100 ሜትር ውስጥ ከሆነ ከዚያ የበለጠ መነሻ አትፈልጊ። የቀፎ ማር የሚቆረጥባቸውን ዛፎችም ከሰው ጠይቀሽ ጨምሪ፤ ጭሱ የሚያዘው በእሳት ነው።

ለጎደለው ማሟያ የተቃጠለ መሬት ጠባሳ ፈልጊ። በሴንቲኔል-2 ባንድ 8ኤ እና ባንድ 12 የቃጠሎ ጠቋሚውን ከእሳቱ በፊትና በኋላ አስዪና የኋለኛውን ከፊተኛው ቀንሺ። ከ0.1 በላይ ከሆነ ጥርጣሬ፣ ከ0.27 በላይ ከሆነ መካከለኛ ቃጠሎ ነው። ሁለቱ ሳተላይቶች በአምስት ቀን አንዴ ስለሚመጡ በበጋ ጥርት ያለ ምስል አይጠፋም። ግን አትዘግዪ፤ የሣር ጠባሳ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይደበዝዛል፣ የታረሰ ጥቁር አፈርም የተቃጠለ መስሎ ይታያል። እያንዳንዱን ጠባሳ በዓይንሽ አይተሽ አጽድቂ።

አጥርና ጣሪያ

ከዋንዛ ጥላ ጋር በማባዛቱ እስማማለሁ፣ ግን ፒክስልን በፒክስል ካባዛችሁ ቤቶቹ ከካርታው ይጠፋሉ። ቤቱ የቆመበት ፒክስል ግቢና ጣሪያ ነው፤ ሣር ስለሌለው መዛመቱ 0 ይሆናል፣ 0 ሲባዛ ደግሞ 0። ስሌቱን ለእያንዳንዱ ቤት ሥሪው፦ በዙሪያው ያለውን የመዛመት ዋጋ አንብቢ፣ ከፍተኛውን ውሰጂ (አማካዩን አይደለም)፣ ከቤቱ ተጋላጭነት ጋር አባዢ። እሳት የሚመጣው በአንድ በኩል ነው፤ ሦስት ጎኑ ጫት ሆኖ አንዱ ጎኑ ያልተጠረገ ባሕር ዛፍ የሆነ ቤት በአማካይ ሲታይ ደህና ይመስላል።

የ2.4 ኪሎ ሜትሩ መለኪያ እዚህ አይሠራም። እሱ የተቀመጠው ለአሜሪካ ነው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 6.17 ቤት ካለና ከግማሽ በላይ ዕፅዋት ከሆነ “ተደባላቂ” ይሉታል። ዕፅዋቱ ከግማሽ በታች ሆኖ ከ5 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥና ሦስት አራተኛው በዕፅዋት የተሸፈነ ቦታ በ2.4 ኪሎ ሜትር ውስጥ ካለ ደግሞ “ተጎራባች” ነው። ርቀቱ የተመረጠው ከትልቅ የደን ቃጠሎ የሚበር ፍንጣሪን በማሰብ ነው። እዚህ ሰው የሰፈረው ከዚያ እጅግ በተጠጋጋ ሁኔታ ስለሆነ ሁሉም ቦታ ያልፋል። ፈረንሳዮች ከደን እስከ 200 ሜትር ያለውን ቤት ነው የሚቆጥሩት፤ ለጣና ዳር እሱ ይቀርባል። እኔ የምመክረው ለሣርና ለደንገል 100 ሜትር፣ ለባሕር ዛፍ 300 ሜትር ነው፤ ልጡ ተቃጥሎ በነፋስ ሲሄድ ርቆ ይወድቃልና።

የቤቶቹን ቦታ ከኦፕን ቢልዲንግስ (ጉግል ከሳተላይት ምስል ካወጣው የሕንፃዎች መረጃ) ማውረድ ትችያለሽ፣ የአፍሪካ መረጃ አለው። ችግሩ የሚስታቸው በጣም የምትፈልጊያቸውን ነው። ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፣ በደንብ ይያዛል። የሣር ክዳን ጎጆ ከዛፍ ሥር ከሆነ ቀለሙ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላልና ወይ አይያዝም ወይ የእርግጠኝነት ነጥቡ ዝቅ ይላል። ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸውን አትጣያቸው፤ የመስክ ማጣሪያ ዝርዝር አድርጊያቸው። የመነኮሳት ጎጆዎች ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ ይገኛሉ።

ቤት ለቤት ስትሄዱ ኮቦ ኮሌክት (በስልክ ቅጽ የሚሞላበት መተግበሪያ) ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ቅጹ ረጅም አይሁን። ጣሪያው ሣር ነው ቆርቆሮ? የጭድ ክምሩ ከግድግዳው ስንት ሜትር ይርቃል? ማድ ቤቱ ተለይቷል ወይስ ተያይዟል? አጥሩ ደረቅ እሾህና ጭራሮ ነው ወይስ የበቀለ ተክል፣ ከጣሪያው ክፈፍስ ጋር ይነካካል? የሚቀጥለው ጣሪያ በስንት ሜትር ላይ ነው? ማገዶ የተከመረው የት ነው? እነዚህ ይበቃሉ። የመጀመሪያዎቹ 1.5 ሜትር ውስጥ የሚነድ ነገር ካለ ብቻውን ከፍተኛ ነጥብ ስጪው። ከዚያ እስከ 9 ሜትር፣ ከዚያ እስከ 30 ሜትር እየቀነሰ ይሂድ። ብዙ ቤት የሚያያዘው ነበልባል ደርሶበት ሳይሆን ፍንጣሪ ወድቆበት ነው። ስለዚህ የሣር ጣሪያ ካለ ሌላው መልስ ምንም ይሁን ቤቱን ከላይኛው ምድብ አታውርጂው። የሣር ጣሪያ ያላቸው ቤቶች በ10 ሜትር ውስጥ ከተከታተሉ ደግሞ እንደ አንድ ቤት ቁጠሪያቸው፤ አንዱ ከተያዘ ሁሉም ይያዛል።

ጂፒኤስ ከዛፍ ሥር 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ይስታል። ነጥቡን ስልኩ ባስቀመጠው አትመኑ፤ ምስሉ ላይ ጣሪያውን አግኝታችሁ በእጅ አስተካክሉት።

የጣና ዳሯ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተገለጸልኝ። ፒክስሉን ትቼ በቤት ደረጃ እሠራዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ነፋስን እንዴት ላስገባ? ውኃ ቅርብ ስለሆነ “ከሐይቅ ያለ ርቀት” የሚል ሌየር ስጋትን እንዲቀንስ ማድረግስ ትክክል ነው?

ፓምፕና ቱቦ

የሁለተኛውን ልመልስ። ከሐይቅ ያለ ርቀት ብቻውን ያሳስታል። የሚወስነው ከሐይቁ ወለል ምን ያህል ከፍ ያለ ነው የሚለው ነው። የሐይቁ ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ፓምፕ በመምጠጥ ውኃን ሊያነሳ የሚችለው በንድፈ ሐሳብ 8.3 ሜትር ያህል ነው፤ በተግባር ከ5 ወይም 6 ሜትር አይዘልም። ስለዚህ ፓምፑ ውኃው አፍ ላይ መቀመጥ አለበት፣ በመጋቢት ውኃው በሸሸበት ቦታ ደግሞ በጭቃ ውስጥ ተሸክሞ ማድረስ ነው። ቤንዚን ሞተሩም በዚህ ከፍታ ከኃይሉ 18 በመቶ ያህል ያጣል። መለያው ላይ “30 ሜትር ይገፋል” የሚል ትንሽ ፓምፕ፣ በቱቦው ውስጥ የሚባክነውንና አፍንጫው ላይ የሚያስፈልገውን ግፊት ስትቀንሺለት፣ ከሐይቁ ወለል 15 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ በላይ እሳት ለማጥፋት የሚበቃ ውኃ አይሰጥም። በ1፡50,000 ካርታ የ1,800 ሜትሩ መስመር ለዚህ በቂ ወሰን ነው፦ ከሱ በታች የፓምፕ ውኃ ይደርሳል፣ ከሱ በላይ አይደርስም ብለሽ ያዢ። ብዙዎቹ የውስጥ ቤቶች ከላይ ናቸው።

ከመስመሩ በላይ ያለው መከላከያ የጀርባ መርጫ፣ ጀሪካንና ለምለም ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ እዚያ “ውኃ” የሚለውን ሌየር ወደ “የሰው መድረሻ ጊዜ” ለውጪው፦ ከቅርቡ ሰፈር በእግር ስንት ደቂቃ? ደኑ ውስጥ ያለው የእግር መንገድ ስለሆነ የእሳት አደጋ መኪና ይደርሳል ብላችሁ አታስሉ። ጀልባ የሚያቆምባቸውን ወደቦች ግን አስገቢ፤ ፓምፕና ሰው የሚመጣው በዚያ ነው። እምቦጭ የሚዘጋው ወደብ ካለ በተለየ ምልክት። የመምጠጫውን ቱቦ ጫፍ በሽቦ ወንፊት ሸፍነው ቅርጫት ውስጥ ካላስቀመጡት ሥሩና ቅጠሉ በደቂቃ ይደፍነዋል፤ ፓምፑ ደርቆ ከዞረ ደግሞ ውኃ እንዳያፈስ የሚይዘው ማኅተሙ (ሲሉ) ይቃጠላል።

ዋንዛ ጥላ

ነፋሱን በሁለት ሰዓት ክፈይው። ቀን መሬቱ ሲሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ሌሊትና ንጋት ላይ ተገልብጦ ከመሬት ወደ ሐይቁ ነው። ይህ ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዳርቻው ደንገል ውስጥ የተነሳ እሳት ነፋስም ዳገትም አብረው ወደ ሰፈሩ ይገፉታል። ስለዚህ ለቀን ካርታው ቤቱ ከሐይቅ በኩል የሚያየውን የደንገልና የሣር ቀበቶ ክብደት ጨምሪ። ዘጌ በሦስት ጎኑ ውኃ ስለሆነ “ከሐይቅ በኩል” የሚለው ለእያንዳንዱ ዳርቻ የተለየ አቅጣጫ ነው፤ አንድ የነፋስ አቅጣጫ ለሁሉም አትስጪ። ከቤቱ ወደ ቅርቡ ውኃ መስመር ስበሽ በዚያ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ግራና ቀኝ ያለውን ብቻ አንብቢ። ማሳ ለመለኮስ የተሻለው ሰዓትም ከዚሁ ይወጣል፦ ነፋሱ በተኛበትና ጤዛው ባልደረቀበት ማለዳ።

አጥርና ጣሪያ

ከመታተሙ በፊት ሦስት ነገር።

የድሮ 1፡50,000 ካርታ ስትጠቀሚ የቦታ መለኪያ መነሻው (ዳተሙ) አዲንዳን የሚባለው ነው። የሳተላይት ምስሉ ግን መነሻው ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ደብልዩጂኤስ 84፣ የካርታ ሥርዓቱ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው። ሳይቀየር ከተደረበ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል፤ የ100 ሜትር ቀበቶ እየሳልሽ ይህ ሁሉንም ነገር ያበላሻል። ካርታውና ምስሉ በትክክል መገጣጠማቸውን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ላይ ፈትሺ፤ ክብ ጣሪያው ከምስሉ በግልጽ ይለያል።

ካርታውን ለመፈተን፣ ሲሠራ ያልገቡ የሁለት ዓመት ጠባሳዎችን ለብቻ አስቀምጪ። ከተቃጠለውም ካልተቃጠለውም 100፣ 100 ነጥብ ውሰጂ፣ በነጥብና በነጥብ መሐል ቢያንስ 500 ሜትር ይኑር፤ አለዚያ አንዱን ጠባሳ አሥር ጊዜ ቆጥረሽ ካርታው የተዋጣለት ይመስላል። ቦታው ካልበቃሽ ነጥቡን ቀንሺ እንጂ ርቀቱን አትቀንሺ። ከዚያ በ1፡5,000 በትልቅ ወረቀት አትመሽ ጎጥ በጎጥ ለሽማግሌዎቹና ለደን ጠባቂዎቹ ዘርጊው። ከካርታው ጋር ያልተስማሙበትን ቦታ ሁሉ ሄዳችሁ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ያልተመዘገበ የምንጣሮ ቦታ ወይም ያልተጠረገ ባሕር ዛፍ ነው።

ለሕዝብ በሚለጠፈው ቅጂ ላይ የገዳማቱ ዕቃ ቤት ያለበትን ነጥብ አውጪው። የብራና መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ የት እንደተቀመጡ ማወቅ ያለባቸው አስተዳዳሪዎቹና እሳት ለማጥፋት የሚመደቡት ሰዎች ናቸው። ለእነሱ የተለየ ቅጂ አዘጋጂ፤ እዚያ ላይ ዕቃው በየትኛው በር ወጥቶ ወደ የትኛው የተጠረገ ሜዳ እንደሚሄድ መስመሩ ይሳል።